ለቤት ኮምፒውተር ዩፒኤስ ስትገዙ ከቪኤው በፊት ባትሪውን ጠይቁ

"ዩፒኤስ ልገዛ ነው፤ ስንት ቪኤ ይበቃኛል?" ቤቴ እንደምሠራ የሚያውቁ ሰዎች በብዛት የሚጠይቁኝ ይሄንን ነው። ዩፒኤስ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ ሣጥን ነው፤ ቪኤ (ቮልት አምፒር) ደግሞ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የአቅም ቁጥር። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። መብራት ሲሄድ የትኛው ዕቃ እንዳይጠፋባችሁ ነው የምትፈልጉት? ለምን ያህል ጊዜ? ይሄን ሳያውቅ ሱቅ የገባ ሰው ሻጩ ያነሳለትን ካርቶን ይዞ ነው የሚወጣው።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ፣ ዴስክቶፕ ላይ ቁጭ ብዬ የትንንሽ ነጋዴዎችን ሂሳብ ፒችትሪ በሚባል የሂሳብ ፕሮግራም እይዛለሁ። ወር ሲያልቅ የቫትና የደሞዝ ግብር ማሳወቂያ አለ። ቀነ ገደቡ መብራት ሄደ ብሎ አይጠብቅም። ስለዚህ ነገሩን ከልቤ ተከታትየዋለሁ። ለራሴ ገዝቻለሁ፣ ባትሪ ቀይሬያለሁ፣ ለዘመድና ለደንበኞቼም ሱቅ ድረስ ሄጄ አስመርጫለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

የቤት ዩፒኤስ መብራት እስኪመጣ እየሠራችሁ እንድትቆዩ ታስቦ የተሠራ ዕቃ አይደለም። ዋናው ጥቅሙ የጀመራችሁትን ሴቭ አድርጋችሁ፣ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ፣ ኮምፒውተሩን በወጉ እንድታጠፉ ጊዜ መስጠቱ ነው። ብልጭ ድርግም የሚል መብራትንም ያሳልፋችኋል። ሂሳብ ወደ መዝገቡ እየገባ (ፖስት እየተደረገ) ባለበት ቅጽበት ኮምፒውተሩ ድርግም ካለ ፋይሉ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ሊቀር ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ የትናንትን ባክአፕ ፈልጎ ዛሬ የገባውን ደረሰኝ እንደገና መመዝገብ ነው። ባክአፑም ካልተገኘ ከዚያ ይብሳል። እንግዲህ ለኔ አሥር አስተማማኝ ደቂቃ ከአንድ "ይይዛል" ከተባለ ሰዓት ይበልጣል።

ህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ "ከእንግዲህ ዩፒኤስ ለምን?" ያሉኝ ነበሩ። ደስታው የሁላችንም ነው። ግን የሰፈር ትራንስፎርመር ሲቃጠል፣ በክረምት ዛፍ መስመር ላይ ሲወድቅ፣ ወይም የግቢው ብሬከር ሲዘል ኃይሉ ከየትም ቢመነጭ እኛ ቤት አይደርስም። ዩፒኤስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቪኤው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 650 ቪኤ፣ 1000 ቪኤ የሚለው ቁጥር ነው። ለእናንተ የሚሠራው ግን በትንሹ የተጻፈው ዋት ነው። በርካሽ የቤት ዩፒኤሶች ላይ ዋቱ የቪኤው 60 በመቶ ገደማ ነው፤ ከዚያም የሚያንስ አለ። 650 ቪኤ የተባለው 390 ዋት ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ዋቱ ጨርሶ ካልተጻፈበት እኔ አልገዛም።

የኮምፒውተራችሁን ፍጆታ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ (ኮምፒውተሩ ውስጥ ኮረንቲ የሚያከፋፍለው ሣጥን) ላይ ከተለጠፈው ቁጥር አትውሰዱ። 500 ዋት ቢልም መስጠት የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ነው የሚናገረው። ለቢሮ ሥራ የሚሆን ተራ ዴስክቶፕ ከ60 እስከ 100 ዋት ቢወስድ ነው። ኤልኢዲ ስክሪን ከ20 እስከ 30 ዋት። ጌም ለመጫወት ወይም ቪዲዮ ለማቀናበር ትልቅ ግራፊክስ ካርድ የተገጠመበት ማሽን ግን 300 ዋትን በቀላሉ ያልፋል፤ የእሱ ስሌት ሌላ ነው። ሶኬት ላይ ተሰክቶ ዋት የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ ካገኛችሁ ግምቱ ሁሉ ይቀራል።

ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ዋቱ የሚነግራችሁ ዩፒኤሱ ምን ያህል ጭነት እንደሚችል ነው። ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ የሚነግራችሁ ባትሪው ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ሰው ትልቅ ቪኤ ሲገዛ ረጅም ሰዓት የገዛ ይመስለዋል፤ ሻጮችም ይሄን አያስተባብሉም።

አንድ ሱቅ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ለአንዲት ደንበኛዬ ስናይ ሻጩ 1200 ቪኤ የተጻፈበትን አንስቶ፣ "እህቴ፣ ይሄን ውሰጂ፣ ሁለት ሰዓት ይይዝልሻል" አለኝ። "ውስጡ ያለው ባትሪ ስንት አምፒር ነው?" አልኩት። አላወቀም። "ክፈትልኝና እንየው" ስለው ትንሽ ቅር ብሎት ካቻቢቴ አመጣ። ከሥር ያሉትን ብሎኖች ፈታና ክዳኑን አነሳው። በአንድ በኩል ከባዱ የብረት ትራንስፎርመር አለ። በሌላው በኩል ቀይና ጥቁር ሽቦ የተሰካባት አንዲት ጥቁር ባትሪ፣ ርዝመቷ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጎኗ ላይ 12 ቮልት 7 አምፒር ይላል። አጠገቡ የተደረደረው 650 ቪኤ ውስጥም ያለችው ያችው ናት። ዋጋው ግን በጣም ይራራቃል። ደንበኛዬ ትንሹን ገዝታ ወጣች።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 12 ቮልት በ7 አምፒር ሰዓት (ሱቅ ውስጥ አምፒር ብቻ የሚሉት) ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ይሆናል። ኮምፒውተሩና ስክሪኑ አንድ ላይ 90 ዋት ቢወስዱ አንድ ሰዓት ሊጠጋ የሚችል ይመስላል። እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። ዩፒኤስ ውስጥ ያለው የሊድ (የእርሳስና አሲድ) ባትሪ ቀስ ተብሎ ሲወሰድበት ነው የተጻፈበትን ያህል የሚሰጠው፤ በፍጥነት ሲሳብ አቅሙ በጣም ይቀንሳል። ከባትሪው ወደ 220 ቮልት ሲቀየርም የሚባክን አለ። በተግባር አዲስ ባትሪ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ቢሰጣችሁ ጥሩ ነው። ባትሪው ሲያረጅ ይሄም እየቀነሰ ይሄዳል። "ሁለት ሰዓት" ያላችሁን ሻጭ በዚህ ስሌት መጠየቅ ትችላላችሁ። ባለ 9 አምፒር ወይም ሁለት ባትሪ ያለው ከተገኘ ልዩነቱን ደቂቃው ላይ ታዩታላችሁ፤ ለእሱ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ያዋጣል።

ሁለተኛው የማተኩርበት ነገር የቮልቴጅ ማስተካከያው ነው። በተለይ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3000 ዋት በላይ ይወስዳል። ጎረቤት ሁሉ እንጀራ የሚጋግርበት ሰዓት ላይ አምፖሉ ሲደበዝዝ፣ ፍሪጁ ሲያጉረመርም ታውቁታላችሁ። 220 መሆን የነበረበት ቮልት ወደ 170ና ከዚያም በታች ይወርዳል። እዚህ ላይ ነው የዩፒኤሱ ዓይነት የሚለየው።

ኦፍላይን የሚባለው ርካሹ ዓይነት ቮልቱ ሲወርድበት ሌላ መላ የለውም። ወደ ባትሪ ይዞራል፤ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል፤ እንደገና ይዞራል። ምሽቱን ሙሉ ጢጥ ጢጥ ሲል ያመሻል። ባትሪውም መብራት ሳይጠፋ እያለቀ ነው። መብራቱ በእውነት ሲሄድ ታዲያ ባዶ ሆኖ ያገኛችኋል። ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለው ግን ውስጡ ባለው ትራንስፎርመር ቮልቱን ባትሪውን ሳይነካ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ማስተካከያው ኤቪአር ተብሎ ካርቶኑ ላይ ይጻፋል። አጠገቡ ከስንት እስከ ስንት ቮልት እንደሚቀበልም ይጻፋል። ከ140 ወይም ከ145 የሚጀምር ካገኛችሁ ለእኛ ሰፈር መብራት ጥሩ ነው። ከ180 የሚጀምር ከሆነ በምጣድ ሰዓት አይጠቅማችሁም። ኦንላይን የሚባል ሦስተኛ ዓይነት አለ። ኮምፒውተሩን ሁልጊዜ በራሱ በኩል እያሳለፈ ነው የሚያበራው፤ ለሰርቨርና ለላቦራቶሪ ዕቃ ምርጥ ነው። ለቤት ግን ይወደዳል፣ ፋኑም ሌት ተቀን ይጮኻል። ተራ ዴስክቶፕ ካላችሁ አያስፈልጋችሁም።

"ወደ ባትሪ እስኪዞር ድረስ ኮምፒውተሩ አይጠፋም ወይ?" ይሉኛል። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ኮረንቲ ከተቋረጠበት በኋላ ለ16 ሚሊሰከንድ ያህል በውስጡ ባጠራቀመው ይቆያል። ላይን ኢንተራክቲቭ ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ ከ10 ሚሊሰከንድ በታች ነው የሚዞረው። ስለዚህ ይደርሳል። ፓወር ሰፕላዩ ያረጀና ርካሽ ከሆነ ግን ዩፒኤሱ ደህና ሆኖም ኮምፒውተሩ ሊጠፋ ይችላል። ዩፒኤሱን መልሳችሁ ከሻጩ ጋር ከመጣላታችሁ በፊት በሌላ ኮምፒውተር ሞክሩት።

ስለ ሞገዱ ቅርጽ ብዙ አልልም። ርካሾቹ ባትሪ ላይ ሲሆኑ የሚሰጡት ኮረንቲ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው፤ ካርቶኑ ላይ ሲሙሌትድ ሳይን ዌቭ ይላል። ለአብዛኛው የቢሮ ኮምፒውተር ችግር የለውም። ትልቅና ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ያለው ማሽን ካላችሁ ግን ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚል ፈልጉ፤ አለበለዚያ ልክ ወደ ባትሪ ሲዞር ሊጠፋባችሁ ይችላል።

የኋላውን ሶኬት ሳታዩ አትክፈሉ። አንዳንዱ ዩፒኤስ ያለው የኮምፒውተር ገመድ የሚገባበት ባለ ሦስት ቀዳዳ መውጫ ብቻ ነው። የእኛ ቤት ክብ ሶኬት አይገባበትም። ዲቫይደር ፍለጋ እንደገና ልትወጡ ነው። ሌላው ደግሞ ሁሉም መውጫ ከባትሪው ጋር የተገናኘ አይደለም። ሰርጅ ተብሎ የተጻፈበት መውጫ ከኮረንቲ ግፊት ይከላከላል እንጂ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። እዚያ ላይ ኮምፒውተር ሰክቶ ዩፒኤሱን የሚረግም ሰው አይቻለሁ።

ሌዘር ፕሪንተርን ፈጽሞ ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ። ወረቀቱ ላይ ቀለሙን የሚያጣብቀው ክፍል ሲሞቅ ብዙ መቶ ዋት፣ አንዳንዴም ከ1000 በላይ በአንድ ጊዜ ይስባል። የቤት ዩፒኤስ ያንን አይችልም። ኮምፒውተሩን ይዞ ይጠፋል። ካውያና የውሃ ማፍያም እንደዚያው። ይሄን ለልጆችና ለቤት ሠራተኛም ንገሩ፤ ነፃ ሶኬት ያየ ሰው መሰካቱ አይቀርም።

ኢንተርኔቱን ከዴስክቶፑ ለዩት። ይሄ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ውሳኔ ነው። የፋይበሩ ሞደምና ዋይፋዩ አንድ ላይ ከ10 እስከ 15 ዋት ነው የሚወስዱት። እነሱን ትልቁ ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ ማቆየት ባትሪውን እስከ መጨረሻው ማሟጠጥ ነው፤ የሊድ ባትሪ ደግሞ በተደጋጋሚ ሲሟጠጥ ቶሎ ይሞታል። ለሞደም የተሠራ ሚኒ ዩፒኤስ አለ። መጠኑ ትንሽ፣ ባትሪው ሊቲየም፣ የሚሰጠውም ቀጥታ 9 ወይም 12 ቮልት። ከመግዛታችሁ በፊት የሞደማችሁን አዳፕተር ገልብጡና ስንት ቮልት፣ ስንት አምፒር እንደሚል አንብቡ። 12 ቮልት የሚፈልገውን ሞደም 9 ላይ ብትሰኩት አይሠራም፤ 9 የሚፈልገውን 12 ላይ ብትሰኩት ሊቃጠል ይችላል።

እዚህም ቁጥሩ እንዳያታልላችሁ። 8800 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው በ3.7 ቮልት ተሰልቶ ነው። ሲባዛ 32 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። 10 ዋት ለሚወስድ ሞደም ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ማለት ነው። ዴስክቶፑን አጥፍቼ በስልኬ ኢሜይል መመለስ፣ ለደንበኛ ፋይል መላክ እችላለሁ። ላፕቶፕ ላለው ሰው ደግሞ ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ስላለው ይሄ ትንሽ ዕቃ ብቻውን ይበቃዋል። ትልቅ ዩፒኤስ አያስፈልገውም።

ረጅም ሰዓት ለመሥራት የግድ የሚላችሁ ካለ ሌላ መንገድ ሂዱ። አንዳንድ ሰው የቤት ዩፒኤሱን ከፍቶ የመኪና ባትሪ በሽቦ ያያይዝበታል። ይሄን አልመክርም። ትንሹ ዩፒኤስ ለጥቂት ደቂቃ ነው የተሠራው፤ ለሰዓታት ሲሠራ ይግላል። ቻርጀሩም ትልቅ ባትሪ ለመሙላት አልተሠራም። የመኪና ባትሪ ደግሞ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ የምትተኙበት ክፍል ውስጥ ሊቀመጥ አይገባም። ለረጅም ሰዓት ተብሎ የተሠራ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኮረንቲ የሚቀይር ዕቃ) ከተስማሚው ባትሪ ጋር፣ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ተገጥሞ፣ ወይም ሊቲየም ፓወር ስቴሽን (ባትሪውና ሶኬቱ በአንድ ሣጥን የተሠራ) ይሻላል። ፓወር ስቴሽን ስትገዙ ወደ ባትሪ ለመዞር ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚፈጅበት ጠይቁ። 20 ወይም 30 ከሆነ ዴስክቶፑ ሊጠፋ ይችላል።

ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን "ከዚህ ልላክልሽ?" ማለታቸው ደግ ነው። ግን ከአሜሪካ የሚመጣ ዩፒኤስ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ እዚህ ግድግዳ ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ከዱባይ፣ ከአውሮፓ ወይም ከእስራኤል የሚመጣው 230 ቮልት ስለሆነ ይሠራል፤ የዱባዩ ሶኬት ግን የእንግሊዝ ዓይነት፣ የእስራኤሉም የራሱ ዓይነት ስለሆነ መቀየሪያ ይፈልጋሉ። አብዛኛውን ሊቲየም ፓወር ስቴሽን በሻንጣ ይዞ መምጣት ግን አይቻልም። በመንገደኛ አውሮፕላን ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ትርፍ ባትሪ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ160 በላይ የሆነ ጨርሶ አይፈቀድም። ኤርፖርት ላይ ተወስዶባቸው እንዳያዝኑ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሱቅ ውስጥ የማደርገው ይሄ ነው። አንደኛ፣ ከፍ አድርጌ እመዝነዋለሁ። ባትሪዋ ብቻ 2 ኪሎ ገደማ ስለሆነች፣ ትራንስፎርመሩም ብረት ስለሆነ፣ ዩፒኤስ ክብደት ሊኖረው ይገባል። ከተጻፈበት ጋር የማይመጣጠን ቅልል ያለ ዕቃ ያጠራጥረኛል። ሁለተኛ፣ ባትሪው የተመረተበትን ጊዜ እጠይቃለሁ። የሊድ ባትሪ መደርደሪያ ላይ ሳይሞላ ብዙ ወር ከቆየ ከውስጥ ይጎዳል፤ ካርቶኑ አዲስ መሆኑ ባትሪው አዲስ ነው ማለት አይደለም። ሦስተኛ፣ እዚያው ሱቅ ባለው ዴስክቶፕና ስክሪን ላይ ሰክተው ኮምፒውተሩ እየሠራ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳ እንዲነቅሉልኝ አደርጋለሁ። በአምፖል ብቻ የሚሞክሩ አሉ፤ እሱ ብዙ አይናገርም። አራተኛ፣ ውስጡ ያለው ባትሪ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚገኘው የተለመደው 12 ቮልት 7 ወይም 9 አምፒር መሆኑን አረጋግጣለሁ። ይሄ በጣም ወሳኝ ነው። ባትሪው ልዩ ቅርጽ ካለው፣ የታወቀ ስም ያለው ምርጥ ዕቃም ቢሆን፣ ባትሪው ሲሞት መለወጫ ታጡና አብሮ ይጣላል። ደረሰኝና የጋራንቲ ወረቀትም ያዙ፤ ጋራንቲው ባትሪውን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ።

ዋጋ አልጻፍኩም። ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር የዛሬው ቁጥር ለከርሞ አይሠራም። ሁለት ሦስት ሱቅ በአንድ ቀን መጠየቅ ይበቃል። ስትጠይቁ ግን በዋትና በአምፒር አወዳድሩ።

ቤት ስታደርሱት ወዲያው አትሥሩበት። መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ ይሞላ። አንዳንዱ ዩፒኤስ የባትሪው ሽቦ ተነቅሎ ነው የሚመጣው፤ መመሪያው ላይ ካለ መሰካቱን አትርሱ። ካርቶኑ ውስጥ የዩኤስቢ ገመድ ካለ አትጣሉት። ኮምፒውተሩ ላይ ስትሰኩት ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ እንደ ላፕቶፕ ባትሪ ያየዋል። ከዚያ የፓወር ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ባትሪው ሲያንስ በራሱ ሃይበርኔት እንዲያደርግ (የተከፈተውን ሁሉ አስቀምጦ እንዲጠፋ) አዝዙት። እናንተ ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን እያላችሁ መብራት ቢሄድ እንኳ የከፈታችሁት ሁሉ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። እኔ ዛሬ ዩኤስቢ የሌለው ዩፒኤስ አልገዛም።

ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) የሌለው ሶኬት ላይ ከሆነ የምትሰኩት፣ በኤሌክትሪክ ባለሙያ አሠሩት። መብራት ሲመጣ ይዞት የሚመጣውን ግፊት ለመከላከል የተሠራው ክፍል ያለ ኧርዝ ሥራውን በሙሉ አይሠራም። ለሰውም አደጋ ነው።

ባትሪው የሚሞተው በሙቀት ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ በዚህ ዕድለኛ ነው፤ እኔ ቤት ዩፒኤሱ ከመጋረጃና ከአቧራ ርቆ ከተቀመጠ ምንም አይለውም። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ያላችሁ ግን ቀዝቃዛውን ጥግ ፈልጉለት፣ ባትሪም ቶሎ ለመቀየር አስቡ። ጥሩ ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይቆያል ይባላል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት ሰፈር ከዚያ በታች ጠብቁ።

አልፎ አልፎ ሁሉንም ሥራ ሴቭ አድርጌ ገመዱን ከግድግዳ እነቅልና ሰዓት እይዛለሁ። ከአምስት ደቂቃ በታች ሲሆን ባትሪ መቀየሪያው ደርሷል። ዩፒኤሱን አጥፍቶ ከግድግዳ ነቅሎ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ቀዩን ከቀይ ጥቁሩን ከጥቁር መግጠም ነው። የጥገና ባለሙያም ቶሎ ይሠራዋል። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ግን አትቆዩ፤ በዚያው ቀን አውጡት። አሮጌውን ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፣ ልጆችም እንዳይሰባብሩት። ውስጡ ሊድና አሲድ ነው። አዲሱን የምትገዙበት ሱቅ አሮጌውን ይቀበል እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሚቀበሉ አሉ፣ ከዋጋው ላይ ትንሽ የሚቀንሱም አሉ።